የመድኃኒት ኮሚቴው ሦስተኛ ስብሰባ

ከጤና ቢሮ የተላከው ደብዳቤ መካነ ሰላም ከተማ የደረሰው ሰኞ ጠዋት ነው። የወይራ አምባ ጤና ጣቢያ ኃላፊው ሙሐሲን አንዴ አነበበው፤ መነጽሩን ጠርጎ ደግሞ አነበበውና ኮሪደሩን ተሻግሮ ወደ መድኃኒት ክፍሉ ሄደ። ፋርማሲስቷ ጠይባ አዲስ የመጣ ካርቶን እየከፈተች ነበር። ወረኢሉ ተወልዳ ደሴ የተማረች ልጅ ናት፤ እዚህ ከተመደበች አራተኛ ዓመቷን ይዛለች።

«ይሄ ያንቺ ነው» አላት ወረቀቱን እያቀበላት።

«ምን ይላል?»

«ኮሚቴ አቋቁሙ ነው የሚለው።»

ጠይባ ርዕሱን ጮክ ብላ አነበበችው። «የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒቶች መላመድን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የሚቋቋም ዘርፈ ብዙ አስተባባሪ ኮሚቴ።» መጨረሻው ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

«ስሙን ተሸክሞ የሚሄድ ሰው እንኳ ማግኘታችንን እንጃ» አለ ሙሐሲንና ወደ ቢሮው ተመለሰ።

ለጠይባ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እዚህ በመጣች ሰሞን ጆሮው መግል የያዘ ሕፃን አሞክሳሲሊን ይዞ ከሄደ በሦስተኛው ቀን ሲሮጥ ታየዋለች። አሁን ያው ሕፃን፣ ያው መድኃኒት፣ በሳምንቱ እናቱ ጀርባ ላይ ሆኖ እያለቀሰ ይመለሳል። ጀርሞቹ መድኃኒቱን ለምደውታል። ይህን ብቻዋን ስታስበው ቆይታለች፤ አሁን ወረቀት መጣላት። ደብዳቤው የሰው ጤና፣ የእንስሳት ጤና፣ መድኃኒት ቤቶችና የሃይማኖት አባቶች በወር አንዴ እየተሰበሰቡ አንድ ላይ እንዲመክሩ፣ በየሩብ ዓመቱም ሪፖርት እንዲልኩ ያዛል። ስለ በጀት የሚለው ነገር የለም።

ለመጀመሪያው ስብሰባ ዘጠኝ ሰው ጠራች። ሦስት መጡ። አንዱ የከብት ሐኪሙ ላቀው ነው፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ቦት ጫማውን ከእግሩ የማያወልቅ ሰው። ሁለተኛው የቅኔ መምህሩ የኔታ ኪዳነማርያም ናቸው፤ ከሰዓቱ ግማሽ ሰዓት ቀድመው ደርሰው የበሩን መከፈት ይጠብቁ ነበር። ሦስተኛው ስብሰባው ስለ ማዳበሪያ የመሰለው ገበሬ ነው። ነገሩን ሲረዳ መነሳት አፍሮ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ።

የኔታ የኮሚቴውን ስም እንደሰሙ እጃቸውን አነሱ።

«ቃሉ ትክክል አይደለም። መላመድ ሁለት ወገን እርስ በርሱ ሲለማመድ ነው። እዚህ የሚለምደው ጀርሙ ብቻ ነው። መልመድ መባል ነበረበት።»

«ሁለቱም ነው እኮ የኔታ» አለ ላቀው። «እኛም መድኃኒቱን ለምደነዋል። ላም ባሳለች፣ ዶሮ ባንቀላፋች ቁጥር ካልተወጋች ብሎ የሚጨቀጭቀኝ ስንቱ ነው?»

የኔታ ጥቂት አሰቡና፣ «እንዲያ ከሆነ ትክክል ነው፤ ይጻፍ» አሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ ያሳለፈው ውሳኔ ይኸው ብቻ ነበር።

በወሩ፣ ለሁለተኛው ስብሰባ፣ አምስት ሰው ተገኘ። ሼህ አሕመድኑርን ራሳቸው የኔታ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይዘዋቸው መጥተዋል። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሠፈሩ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ በዓል በመጣ ቁጥር አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ የማይውል ባልንጀሮች ናቸው። ሲገቡ ግን የኔታ የሼሁን ትከሻ ተደግፈው ነበር። ቀኝ እግራቸው በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«የኔታ! እግርዎ ምን ሆነ?» ጠይባ ከወንበሯ ተነሳች።

«ድንጋይ መትቶኝ ነው። ወር ሊሞላው ነው። አብሽሪ፣ ልጄ እያከመችኝ ነው።»

«ልጅዎ ሐኪም ናት?»

«ከሐኪም አታንስም።»

ላቀው ሳቀ። «ዶክተር እናኑን አታውቂያትም እንዴ? የከተማው ግማሽ እሷ ጋ አይደል የሚታከመው!»

ጠይባ ደነገጠች። ስሙንማ ታውቀዋለች። በሽተኞች «ዶክተር እናኑ ሰጥታኝ ነበር» ሲሏት ሁለት ዓመት ያህል ሰምታለች፤ ሆስፒታል የምትሠራ ሐኪም መስላት ኖራለች። ስብሰባው እንዳበቃ የኔታን ደግፋ ቤታቸው ሄደች።

እናኑ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ሪያድ አንዲት ባለጠጋ አሮጊት ስታስታምም ሰባት ዓመት ኖራ የተመለሰች፣ ፈጣን፣ ሳቂታ ሴት ናት። ስትመለስ ለአባቷ ባሠራችው ቤት ሳሎን ውስጥ ባለ መስታወት ቁም ሣጥን አለ። ሌላው ሰው ብርጭቆና ሳህን በሚደረድርበት ቦታ እሷ የደረደረችው መድኃኒት ነው፤ እያንዳንዱ በዓይነቱ፣ ጽሑፉ ወደ ፊት ዞሮ። ጓደኞቿ ሰው በመጣ ቁጥር ይልኩላታል። እሷም ለታመመ ሁሉ ትሰጣለች፤ ከማንም ምንም ተቀብላ አታውቅም።

«ለአንድ ሰው ስንት ስንት ነው የምትሰጪው?» አለች ጠይባ።

«አራት አራት ፍሬ። አንዱን ፓኬት እንዳለ ለአንድ ሰው ብሰጥ ሌላው ምን ይሁን? ለሁሉም እንዲዳረስ ነው።»

«ለየኔታስ?»

«መጀመሪያ አራት ከቀዩ። አልሻል ሲለው አራት ከቢጫው። ከዚያ ደግሞ ከዚህ፣ ከነጩ። ባለፈው ሳምንት ሌላ ቀየርኩለት።»

ጠይባ ተንበርክካ ጨርቁን ፈታችው። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፤ ከቁስሉ መግል ይወርዳል። ግንባራቸውን ስትነካው ያተኩሳል።

«አሁኑኑ ሆስፒታል እንሂድ» አለች።

እናኑ ፊቷ ተለወጠ። «እኔ ያልሰጠሁትን ምን ሊሰጡት ነው?»

ሆስፒታል ያገኘቻቸው ወጣት ሐኪምም የጠየቀችው ይህንኑ ነበር። የኔታን አስተኛች፤ ቁስሉን አጥባ መድኃኒት ጀመረችላቸውና ጠይባን ወደ ጎን ጠራቻት።

«እስካሁን የወሰዱትን ስሰማ የትኛው እንደሚሠራ እርግጠኛ መሆን አልቻልኩም። ከመግሉ ተወስዶ ደሴ ላቦራቶሪ ይላክ፤ ጀርሙን አሳድገው የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ይንገሩን። ግን ቀዝቅዞ፣ በዕለቱ መድረስ አለበት። የናሙና መኪናው ትናንት ሄዷል፤ የሚመለሰው በሳምንቱ ነው።»

በረዶ የሚይዝ ሣጥን ተፈለገ። የሆስፒታሉም የጤና ጣቢያውም ሣጥኖች በሙሉ ለሕፃናት ክትባት ገጠር ወጥተዋል። ጠይባ ላቀው ጋ ደወለች።

«የበጎች ክትባት የማመላልስበት አለኝ» አለ። «ግን ንብረቱ በኔ ፊርማ ስለሆነ ያለኔ ከከተማ አይወጣም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ እኔም እሄዳለሁ።»

ሣጥኑ ታጥቦ፣ ናሙናው በሦስት ድርብ ታሽጎ ሲገባበት የኔታ አልጋቸው ላይ ሆነው አዩት። «የበግ ነው አልሽኝ?» አሉ ጠይባን። «ግድ የለም። እኔስ ብሆን የእግዚአብሔር በግ ጠባቂ ነኝ ስል አይደል የኖርኩት።» ትኩሳቱ ቢያደክማቸውም በራሳቸው ቀልድ ሳቁ።

ላቀው በማግስቱ ማለዳ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሚኒባስ ተሳፈረ። መንገዱ እንደምናውቀው ነው፤ ሰው ከጣሪያ፣ ጉልበት ከወንበር እየተጋጨ ይሄዳል። አጠገቡ የተቀመጠች ሴትዮ ሣጥኑን ስታየው ቆየችና አላስችል አላት።

«ዓሣ ነው ወንድሜ?»

«አይ፣ ከየኔታ ኪዳነማርያም እግር የተወሰደ መግል ነው።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። ከዚያ ከፊት ወንበር አንድ ሰው ዞረ። «የቅኔው የኔታ? ታመው ነው?» ላቀው ነገሩን አስረዳ፤ ከረፈደ እንደሚበላሽም ጨመረ። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ሰላም አላገኘም። ከኋላ «ንዳው!» ይሉታል፤ ከፊት መኪና ሲዘጋበት ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «በሽተኛ ይዘናል!» እያለ ያስለቅቃል። አቀስታ ሲደርሱ ሾፌሩ እንደ ልማዱ ለቁርስ ሊያቆም ሲል ሰው ሁሉ ጮኸበት። ላቀው በዚያ መንገድ ብዙ ዓመት ተመላልሷል፤ ደሴ የዚያን ቀን ያህል ቀድሞ የደረሰበትን ጊዜ አያስታውስም።

ውጤቱ በአራተኛው ቀን በስልክ መጣ። ጠይባ ሆስፒታል ሄዳ ከወጣቷ ሐኪም ጋር አየችው። ከተሞከሩት አሥር መድኃኒቶች ሰባቱን ጀርሙ አሸንፏቸዋል። እናኑ ለአባቷ የሰጠቻቸው ሁሉ ከሰባቱ ውስጥ ናቸው። ከቀሩት ሦስቱ አንዱ ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር። በዚያው ከሰዓት ተቀየረላቸው፤ በሦስተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ በሁለተኛው ሳምንት የኔታ በዱላ ቆመው የክፍሉን በሽተኞች ስማቸውንና ትርጉሙን እየጠየቁ ያስቁ ጀመር።

እናኑ ጤና ጣቢያ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። መድኃኒት እንደሚቀበል ሰው መስኮቱ ላይ ሳትቆም በመድኃኒት ክፍሉ በር ገባች፤ ላቀውም ከጠይባ ጋር ነበር። እጇ ላይ ጥቁር ልባስ ያለው ወፍራም ደብተር ይዛለች።

«ጀርሙን ያስተማርኩት እኔ ነኝ?» አለች ገና ሳትቀመጥ።

ጠይባ መዋሸት አልፈለገችም። «አራት አራቱ ፍሬ አስተምሮታል። ጀርሙ ሳያልቅ መድኃኒቱ አለቀ፤ የተረፈው ለመደው። ግን እናኑ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም።»

«አባቴን ልገድለው ነበር።»

«ድነዋል። ይልቅ ደብተሩ ምንድን ነው?»

እናኑ ጠረጴዛው ላይ ገለጠችው። የሪያዷ አሮጊት ልጆች እያንዳንዱ ኪኒን በስንት ሰዓት እንደተሰጠ ያስጽፏት ነበር፤ ልማዱ አልለቀቃትም። የሁለት ዓመት ጽሑፍ ነው። ስም፣ ሕመም፣ የተሰጠ መድኃኒት፣ የፍሬ ብዛት፣ መጨረሻ ላይ «ዳነ» ወይም «አልዳነ»። ከአራት መቶ ሰው በላይ አለ። መጀመሪያ ገጾች ላይ ብዙው «ዳነ» ነው፤ ወደ ኋላ ሲመጣ «አልዳነ» እየበዛ ይሄዳል።

ጠይባ ገጹን ደጋግማ ገለጠች። ሪፖርቱ ላይ የሚሞላ አንዲት ቁጥር ፍለጋ ሁለት ወር ስትንከራተት፣ ቁጥሩ ሁሉ በዚህች ሴት ቤት ተቀምጦ ኖሯል።

ከዚያ የኅዳግ ጽሑፎቹን አየች። «መጀመሪያ ሃሩን መድኃኒት ሱቅ ሁለት ፍሬ ገዝቶ።» «ለጉንፋን ጤና ጣቢያ አሞክሳ ተሰጥቷት፣ ግማሹን ለልጇ አካፍላ።» ጤና ጣቢያ የሚለው ቃል ደጋግሞ ይመጣል። ለጉንፋን። ጉንፋን እንኳንስ በአሞክሳሲሊን በምንም አንቲባዮቲክ እንደማይድን እሷም ታውቃለች፤ ማዘዣውን የጻፉት ባልደረቦቿም ያውቃሉ። በሽተኛ ባዶ እጁን መሄድ ስለማይወድ ይጻፍለታል፤ እሷም ስትቆጥርና ስትሰጥ ኖራለች። ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

አንዲት መስመር ላይ ደግሞ «ብዙዬ፤ ለዶሮዎቿ፤ ስምንት ፍሬ» ይላል። ከግርጌው «ሦስቱ ዳኑ፣ አንዷ ታረደች።»

ይህን በጠይባ ትከሻ ላይ አሻግሮ ሲያነብ ላቀው ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«ኮሚቴው ውስጥ ግቢ» አለቻት ጠይባ።

«ያጠፋን ሰው ነው ኮሚቴ የምታስገቡት?»

«በማጥፋትማ ከሆነ ሁላችንም አንድ ነን። አንቺ ግን ጽፈሽዋል።»

ለሦስተኛው ስብሰባ ሃያ ሦስት ሰው መጣ። የኔታ ከሆስፒታል ወጥተው በዱላቸው እየተመረኮዙ ሠፈር ለሠፈር ጠርተዋል፤ ያልመጣን ሰው እንደሚታዘቡት ነግረዋል። ክፍሉ ስላልበቃ ጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ወጣ። ጠይባ ከደብተሩ ያወጣችውን፣ የሰው ስም ሳትጠራ፣ አንብባ ስትጨርስ የመጀመሪያው ተናጋሪ መድኃኒት ነጋዴው ሃሩን ነበር። ወፍራም፣ ድምፁ ትልቅ፣ ነገር የማይደብቅ ሰው ነው።

«ያ ጀማዓ፣ እውነቱን እንነጋገር» አለ። «ሰው መጥቶ ሁለት ፍሬ ስጠኝ ሲለኝ ያለ ማዘዣ አልሸጥም ብለው፣ ተሻግሮ ጎረቤቴ ጋ ይገዛል። እሱም ቢከለክለው ሦስተኛው አለ። እኔ ብቻዬን ብጨክን የሚድን ሰው የለም፤ እኔ ነኝ የምዘጋው።»

«ሦስታችሁም በአንድ ቀን ብትጀምሩስ?» አሉ ሼህ አሕመድኑር።

«እንጀምራለን። ወላሂ እንጀምራለን። ግን የኔም ጥያቄ አለኝ።» ሃሩን ጣቱን ወደ ሙሐሲን አዞረ። «ጤና ጣቢያው ለጉንፋን አሞክሳ እየጻፈ እኔን ያለ ማዘዣ አትሽጥ ማለት ምንድን ነው? ስሕተቱ ማዘዣ ሲኖረው ትክክል ይሆናል?»

ግቢው አጉረመረመ። ሙሐሲን ጠይባን አያት፤ እንድትከራከርለት። ጠይባ ተነሳች።

«እውነቱን ነው» አለች። «የሰጠሁት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ።»

ሙሐሲን መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «እንግዲያው በእኛ ይጀመር። ከነገ ጀምሮ የኛ ማዘዣዎች በየሳምንቱ ይታያሉ። ያለ ምክንያት አንቲባዮቲክ የጻፈ ባለሙያ እዚሁ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ ያስረዳል። እኔም ብሆን።»

ሃሩን ይህን አልጠበቀም። «እንግዲህ ምን እላለሁ» ብሎ ተቀመጠ።

ስምምነቱን የጻፉት የኔታ ናቸው። ጤና ጣቢያው ያለ በቂ ምክንያት አያዝም። ሱቆቹ ያለ ማዘዣ፣ በፍሬም ቆርሰው አይሸጡም። ከብት ያለው ላቀውን ሳያማክር አይወጋም፤ የተወጋችውን ላም ወተትም እሱ እስኪፈቅድ አይጠጣም። ሙሐሲን «ከላይ በተጠቀሰው አግባብ» የሚል ሐረግ እንዲገባ ጠየቀ። የኔታ እምቢ አሉ። ሼሁ ዱዓ አደረጉ፤ የኔታ አባታችን ሆይ ደገሙ፤ ሁሉም በየወጉ አሜንና አሚን አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዎች ሃሩን ሱቅ በር ላይ ጮኸው ሄዱ። ከሦስቱ ነጋዴዎች አንዱ በጓሮ በር መሸጥ እንደጀመረ ወሬ መጣ። ሼህ አሕመድኑር ወሬውን ሰምተው ወንበራቸውን አስይዘው ሄደው ሱቁ ደጃፍ ተቀመጡና የገባውን የወጣውን ሰላም ይሉ ጀመር። ሁለተኛውም ቀን ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ነጋዴው «ሼሃችን፣ ገብቶኛል፤ ይቅር ይበሉኝ» አለና የጓሮውን በር በምስማር መታው።

ሙሐሲን ራሱ አንድ ማለዳ እያሳለ ወደ መድኃኒት ክፍሉ መጣ።

«ጠይባዬ፣ እስኪ አንድ ፓኬት...»

«ጉንፋን ነው። ትኩስ ነገር ጠጣ፣ ተኛ።»

«ኃላፊሽ ነኝ እኮ።»

«ኮሚቴ ፊት ቀርበህ ታስረዳለህ።»

እያሳለ ሄደ። በአምስተኛው ቀን ተሻለው፤ ለሚያገኘው ሁሉ እንደ ጀብዱ ያወራው ነበር።

እናኑ ቁም ሣጥኗን ራሷ አራግፋ ለጠይባ አስረከበች፤ ጊዜው ያለፈበትም ያላለፈበትም በሥርዓቱ እንዲወገድ። ሰው ግን ቤቷ መምጣቱን አልተወም። ትሰማቸዋለች፤ ትጽፋለች፤ ከዚያ ነጠላዋን ደርባ ጤና ጣቢያ ድረስ ትሸኛቸዋለች። ደረቱ ሲያቃስት የመጣ ሕፃን ታቅፋ የሮጠችበት ቀን ነበር፤ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። እናቱ በሦስተኛው ቀን ድኗል ብላ መድኃኒቱን ልታቆም ስትል እናኑ በየጠዋቱ እየሄደች እስኪያልቅ አስጨረሰቻት።

በስድስተኛው ወር ከወረኢሉ አራት ሰዎች መጡ። እነሱም ያው ደብዳቤ ደርሷቸው ኮሚቴያቸው አልሰበሰብ ብሏቸዋል፤ መካነ ሰላም ተሳክቷል ሲባል ሰምተው እንዴት እንደሆነ ሊማሩ ነው። ጠይባ የአገሯ ሰዎች ስለሆኑ ደስ ብሏት ሁለት ቀን የምትናገረውን ስታዘጋጅ ቆይታለች። ሥዕላዊ ሠንጠረዥ ሁሉ ሠርታለች።

እንግዶቹ ተቀምጠው፣ «እንግዲህ ከየት ጀመራችሁ?» ከማለታቸው ሃሩን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይሄ ነገር እንዲህ ነው» አለ፤ ወንበሩንም ወደ መሃል ሳበ። «መድኃኒት ነጋዴ መጀመሪያ ኅሊና ሊኖረው ይገባል። እኔ ገና ከጥንቱ...»

ላቀው ሳቁን ለመደበቅ ወደ ቦት ጫማው አጎነበሰ። እናኑ ጠይባን በክርኗ ጎሸመቻት። ሃሩን ስለ ጀርም፣ ስለ ሙሉ ፓኬት፣ ስለ ዶሮ፣ ደሴ ስለሄደው ሣጥን እጁን እያወናጨፈ ተናገረ፤ የተናገረው ከሞላ ጎደል ትክክል ነበር። የወረኢሉዎቹ አጎንብሰው ይጽፋሉ። ጠይባ ተራዋ እስኪደርስ ጥቂት ጠበቀች። ከዚያ በመስኮቱ ሲታያት መድኃኒት ክፍሉ በር ላይ ሰባት ስምንት ሰው ማዘዣ ይዞ ቆሟል። ሠንጠረዡን ለእናኑ ሰጠቻትና ነጭ ጋወኗን እየቆለፈች ወጣች።